ኦስሞሲስን በድንች ማሳየት፦ ከቢላዋው እስከ ግራፉ

ድንች፣ ጨው፣ ውሃና ሚዛን፤ ሙከራው ሌላ ነገር አይፈልግም። ሆኖም ክፍል ውስጥ ሲሠራ ውጤቱ ብዙ ጊዜ ተዘበራርቆ ይወጣል። ንጹህ ውሃ ውስጥ ያደረው ድንች ቀልሎ ይገኛል፣ ወይም ሁለት ቡድኖች አንድ ዓይነት ሥራ ሠርተው ተቃራኒ ቁጥር ይዘው ይመጣሉ። ነገሩ የሚበላሸው በአብዛኛው ድንቹ ውሃ ከመንካቱ በፊት ወይም ከውሃ ከወጣ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ደቂቃ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ አቆራረጥ፣ ማድረቅና መመዘን ላይ ይረዝማል።

የሚጠበቀው ነገር ይህ ነው፦ የህዋስ ስስ ሽፋን ውሃን ያሳልፋል፣ ጨውን ግን እንደ ልቡ አያሳልፍም። ከህዋሱ ውጭ ያለው ውሃ ከውስጡ ያነሰ የሟሟ ነገር ካለው ውሃ ወደ ህዋሱ ይገባል፤ የበለጠ ካለው ይወጣል። ኦስሞሲስ የሚባለው ይህ የውሃ ዝውውር ነው። ድንቹ ሲገባበት ይከብዳል፣ ሲወጣበት ይቀላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (ለአንድ ቡድን)

- ከ200 ግራም የማያንስ 1 ትልቅ ድንች። ጠንካራ፣ ያልበቀለና ያልተሸበሸበ ይሁን።
- ደቃቅ የገበታ ጨው
- 6 ብርጭቆ ወይም የላስቲክ ኩባያ፣ ማርከርና ፕላስተር
- ስለታም ቢላዋ፣ መክተፊያ፣ ማስመሪያ
- መርፌው የወጣለት ባለ 10 ወይም ባለ 20 ሚሊሊትር ሲሪንጅ (ከመድኃኒት ቤት)
- 1 ሊትር የሚይዝ ባዶ ሃይላንድ
- ሶፍት፣ ብዙ
- 0.1 ግራም የሚያነብ ሚዛን። 0.01 የሚያነብ የወርቅ ሚዛን ከተገኘ የተሻለ ነው።

1 ግራም ብቻ የሚያነበው የወጥ ቤት ሚዛን ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የምትፈልጉት ለውጥ ከግማሽ ግራም እስከ 1 ግራም አካባቢ ስለሆነ አይታየውም። ሚዛን ከሌላችሁ ደረጃ 5 ላይ በማስመሪያ የሚሠራበት መንገድ አለ።

ጊዜውን አስቀድሙ

ሁለት ምርጫ አላችሁ፦ 30 ደቂቃ መንከር ወይም ማሳደር። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ቆርጦ፣ መዝኖ፣ ነክሮ፣ እንደገና መዝኖ መጨረስ የሚቻለው የድንቹ ዘንጎች (ቀጫጭን ረጃጅም ቁራጮች) ቀድመው ከተቆረጡና ሚዛኑ ለየቡድኑ ከተዳረሰ ብቻ ነው። ለክፍሉ በሙሉ አንድ ሚዛን ካለ ማሳደሩን ምረጡ። 6 ቡድን በ6 ኩባያ 36 ምዘና ነው፤ አንዱ ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅ እንኳ ወረፋው 18 ደቂቃ ይወስዳል። ለ30 ደቂቃ በሚነከር ድንች ላይ የ18 ደቂቃ ልዩነት ሙከራውን ያበላሸዋል፤ ሌሊቱን ለሚያድር ድንች ግን ለውጥ አያመጣም። ከሰዓት በኋላ ነክራችሁ በማግስቱ ጠዋት አንብቡ። ከ24 ሰዓት በላይ አታቆዩት፤ ንጹህ ውሃ ውስጥ ያለው ይሸታል፣ ኃይለኛ ጨው ውስጥ ያለው ደግሞ ህዋሱ እየሞተ ስለሚሄድ ቁጥሩ ትርጉም ያጣል።

## ደረጃ 1፦ የጨው ውሃውን ማዘጋጀት

መጀመሪያ አንድ ኃይለኛ የጨው ውሃ አዘጋጁ፤ ሌሎቹን ከእሱ አቅጥኑ። በየኩባያው ጨው ለብቻ መመዘን ስህተትን ያበዛል።

1. 50 ግራም ጨው መዝናችሁ ሃይላንዱ ውስጥ ጨምሩ።
2. እስከ ሦስት አራተኛው ድረስ ውሃ አድርጉና ክዳኑን ዘግታችሁ ጨው እስኪጠፋ ናጡ።
3. አሁን ውሃ እየጨመራችሁ በትክክል 1 ሊትር ላይ አድርሱት። ቀድማችሁ 1 ሊትር ሞልታችሁ ጨው ብትጨምሩበት መጠኑ ያልፍባችኋል። ይህ 5 በመቶ የጨው ውሃ ነው፤ ለ3 ቡድን ይበቃል።
4. ኩባያዎቹ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ ብላችሁ ጻፉ። በጎኑ ጻፉ እንጂ በክዳኑ አትጻፉ፤ ክዳን ይቀያየራል።
5. በሲሪንጅ እየለካችሁ እንዲህ ሙሉ፦

- ሀ፦ 100 ሚሊሊትር ውሃ ብቻ (0 በመቶ)
- ለ፦ 10 ሚሊሊትር የጨው ውሃ እና 90 ውሃ (0.5 በመቶ)
- ሐ፦ 20 እና 80 (1 በመቶ)
- መ፦ 40 እና 60 (2 በመቶ)
- ሠ፦ 100 ሚሊሊትር የጨው ውሃ ብቻ (5 በመቶ)
- ረ፦ እንደ ሠ (ለተቀቀለው ድንች)

ሲሪንጁን ከቀጭኑ ወደ ኃይለኛው እየሄዳችሁ ተጠቀሙበት። ንጹሁን ውሃ በሙሉ መጀመሪያ ቅዱ፤ ከዚያ በኋላ የጨውን።

ሚዛን ከሌለ የታሸገው ጨው ላይ የተጻፈውን ክብደት ተጠቀሙ፦ ባለ 500 ግራም ከሆነ ይዘቱን ንጹህ ወረቀት ላይ ዘርግታችሁ በ10 እኩል ክምር ክፈሉት፤ አንዱ ክምር 50 ግራም አካባቢ ነው። በማንኪያ መስፈር የመጨረሻ አማራጭ ይሁን፤ ደቃቅና ሻካራ ጨው በአንድ ማንኪያ እኩል አይመዝኑም።

በስኳር ስትተኩት ተጠንቀቁ

ብዙ ሰው «ጨው ከሌለ ስኳር» ብሎ 5 በመቶ የስኳር ውሃ ያዘጋጅና ድንቹ ከብዶ ሲወጣ ይደናገጣል። ድንቹ ልክ ነው። ኦስሞሲስን የሚወስነው በግራም የተመዘነው ሳይሆን በውሃው ውስጥ የተበተነው ቅንጣት ብዛት ነው። የስኳር ቅንጣት ከባድ ነው፤ ጨው ደግሞ ሲሟሟ ለሁለት ይከፈላል። ስለዚህ 5 በመቶ ስኳር የሚያደርሰው 0.5 በመቶ ጨው አካባቢ ብቻ ነው፣ ከድንቹ ውስጥም ያነሰ ነው፤ ውሃ ይገባል እንጂ አይወጣም። በስኳር የምትሠሩ ከሆነ 0፣ 5፣ 10፣ 20 እና 35 በመቶ አድርጉ።

## ደረጃ 2፦ መቁረጥ

1. ድንቹን እጠቡ፣ በጨርቅ አድርቁ፣ ሙሉ በሙሉ ላጡ። ቅሪት ልጣጭ አትተዉ። የድንች ልጣጭ ውሃ የማያሳልፍ ቡሽ መሰል ህዋስ ነው፤ አንድ ጎኑ ልጣጭ ያለበት ዘንግ ውሃ በዚያ ጎን አይተላለፍለትም።
2. በቁመቱ 0.5 ሳንቲሜትር ውፍረት ባላቸው ጠፍጣፋ ቁራጮች ሰንጥቁት። ከመሃል የሚወጡት 5 ቁራጮች ይበቃሉ፤ የዳርና የዳሩን ተዉ።
3. ጠፍጣፋዎቹን ችፕስ እንደሚቆረጠው 0.5 ሳንቲሜትር ስፋት አድርጋችሁ ሰንጥቁ፤ ከዚያ ሁሉንም 5 ሳንቲሜትር ላይ ቁረጡ። ጫፉ ቀጥ ብሎ ይቆረጥ፤ ሰያፍ ከሆነ በማስመሪያ መለካት አይቻልም።
4. 30 ዘንግ ያስፈልጋል፦ በየኩባያው 5።

ሁሉም ዘንግ ከአንድ ድንች ይውጣ። ሁለት ድንች ውስጥ ያለው የውሃና የስኳር መጠን አንድ አይደለም፤ ግማሹን ከአንዱ ግማሹን ከሌላው ካደረጋችሁ የምታወዳድሩት ጨውን ሳይሆን ድንችን ይሆናል። በዚሁ ምክንያት «ቡድን 1 ንጹህ ውሃ፣ ቡድን 2 ግማሽ በመቶ…» ብሎ መከፋፈልን አልመክርም፤ እያንዳንዱ ቡድን ሁሉንም ኩባያ ይሥራ።

የተቆረጠውን ድንች ውሃ ውስጥ አታስቀምጡ። በወጥ ቤት እንዳይጠቁር ውሃ ውስጥ መንከር የለመደ ሰው እዚህም ያደርገዋል፤ በዚያ ጊዜ ህዋሱ ቀድሞ ውሃ ይጠጣል። ከዚያ በኋላ ንጹህ ውሃ ውስጥ ቢገባ ምን ያህል ይጨምራል? ዘንጎቹን በደረቅ ፌስታል ጠቅልላችሁ አየሩን አስወጥታችሁ አስቀምጡ፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ አታቆዩ። ትንሽ ቢጠቁር አያሳስብ፤ ጥቁረቱ ከአየር ጋር ከመገናኘት የሚመጣ ነው እንጂ ከኦስሞሲስ ጋር አይገናኝም።

በተጨናነቀ ክፍል ቢላዋውን አንድ ሰው ብቻ ይያዝ፤ ቢቻል መምህሩ። ዱልዱም ቢላዋ ከስለታሙ ይልቅ እጅ ይቆርጣል፣ ድንቹንም ይጨፈልቃል። የተጨፈለቀ ጠርዝ ደግሞ የተቀደደ ህዋስ ነው።

## ደረጃ 3፦ የተቀቀለውን ማዘጋጀት

ለኩባያ ረ የሚሆኑትን 5 ዘንጎች የፈላ ውሃ ውስጥ ለ3 ደቂቃ አቆዩ፤ እንዳይፈርሱ በማንኪያ ቀስ ብላችሁ አውጡና ቀዝቅዘው ይጠብቁ። የመጀመሪያ ክብደታቸው የሚመዘነው ከተቀቀሉ በኋላ ነው። ከመቀቀል በፊት የተመዘነ ቁጥር አይጠቅምም።

ይህን ኩባያ አትዝለሉት። ያለ እሱ ሙከራው የሚያሳየው ድንች ጨው ውስጥ እንደሚቀል ብቻ ነው። ሙቀት የህዋሱን ስስ ሽፋን ያፈርሰዋል፤ ሽፋኑ ከፈረሰ ጨውም ውሃም እንደልብ ይገባል ይወጣል። ጥሬው በ5 በመቶ ጨው ውስጥ ብዙ ክብደት ሲያጣ የተቀቀለው ግን ያን ያህል አለማጣቱ ሥራው የሽፋኑ መሆኑን ያሳያል።

## ደረጃ 4፦ መመዘንና መንከር

1. ለየኩባያው 5 ዘንግ ለዩ።
2. አምስቱን አንድ ላይ በሶፍት ጠቅልላችሁ 3 ጊዜ ቀስ ብላችሁ ተጫኑ፤ ልቀቁ። አትሹ፣ አትጭመቁ።
3. ወዲያው አንድ ላይ መዝኑ። 5 ዘንግ ከ6 እስከ 7 ግራም አካባቢ ይመዝናል።
4. ሠንጠረዡ ላይ ጻፉ። «በኋላ እጽፈዋለሁ» የሚባል ነገር የለም፤ መነሻው ካልተጻፈ ሙከራው እዚያው አበቃ።
5. በእጅ ጎንበስ ጎንበስ አድርጋችሁ የመጀመሪያ ጥንካሬውንም መዝግቡ።
6. ኩባያው ውስጥ ጨምሩና ሰዓቱን ጻፉ። ዘንጎቹ በሙሉ ከውሃው በታች ይሁኑ፣ እርስ በርስም አይጣበቁ። 35 በመቶ ስኳር ውስጥ ድንች ይንሳፈፋል፤ ትንሽ ማንኪያ ወይም ንጹህ ጠጠር ጫኑበት።
7. ክደኑና ፀሐይ የማያገኘው ቦታ አስቀምጡ።

ማድረቁ ላይ ያለው «3 ጊዜ ተጫኑ» የሚለው ሕግ ለጌጥ አይደለም። ዘንጎቹ ላይ የቀረ ጥቂት ጠብታ ውሃ 0.3 ግራም ሊሆን ይችላል፤ ይህ የምትለኩትን ለውጥ ግማሽ ያህላል። አንዱ ተማሪ አጥብቆ ሲጫን ሌላው ዳሰስ ቢያደርግ ግራፉ ዝብርቅርቅ ይላል። መነሻውንም መድረሻውንም አንድ ሰው ያድርቅ።

## ደረጃ 5፦ ማውጣትና ማንበብ

ያስገባችሁበትን ቅደም ተከተል ጠብቃችሁ አውጡ፦ ሀ መጀመሪያ ከገባ ሀ መጀመሪያ ይውጣ። አንድ ኩባያ አውጥታችሁ፣ አድርቃችሁ፣ መዝናችሁ፣ ጽፋችሁ ስትጨርሱ ወደ ቀጣዩ እለፉ። ሁሉንም አንድ ላይ ጠረጴዛ ላይ ከዘረጋችሁ የትኛው ከየት እንደመጣ ይጠፋችኋል፤ ያውም ይደርቃሉ።

ከዚያ በእጅ ፈትሹ። የሀ ዘንግ ጠንክሮ ቀጥ ይላል፤ ስታጥፉት ቀጭ ብሎ ይሰበራል። የሠ ዘንግ ልፍስፍስ ብሎ ይታጠፋል፤ አንዱን ጫፍ ይዛችሁ ስትዘረጉት ሌላው ጫፍ ይወድቃል። ከኋላ ወንበር ላለው ተማሪ ከቁጥሩ ይልቅ ይህ ነው የሚታየው።

ሚዛን ከሌለ፦ አንድ ዘንግ በ30 ደቂቃ የሚረዝመው 1 ሚሊሜትር ቢሆን ነው፤ ለዓይን አይታመንም። አምስቱን ዘንግ ማስመሪያ አጠገብ ጫፍ ለጫፍ አገናኝታችሁ ደርድሩና ጠቅላላውን ለኩ። መነሻው 250 ሚሊሜትር ነው፤ ለውጡ በ5 ስለሚባዛ ይነበባል። በዚህ መንገድ ስትሠሩ ማሳደር ግድ ነው።

## ደረጃ 6፦ ስሌትና ግራፍ

ግራሙን በቀጥታ አታወዳድሩ፤ መነሻቸው እኩል አይደለም። በመቶኛ አስሉ፦

ለውጥ በመቶ = (መድረሻ − መነሻ) ÷ መነሻ × 100

ሀ ከ6.8 ወደ 7.3 ግራም ከሄደ 0.5 ÷ 6.8 × 100 = +7.4 በመቶ ነው። ሠ ከ6.7 ወደ 5.8 ከወረደ −13.4 በመቶ። የመቀነስ ምልክቱን መጣል የተለመደ ስህተት ስለሆነ ከሠንጠረዡ ላይ ሳታዩ አትለፉ።

ግራፉ ላይ የጨው መጠኑን በአግድም፣ ለውጡን በቁም አድርጉ። የቁሙ መስመር ከዜሮ በላይና በታች ይኑረው። ነጥቦቹን አገናኙና መስመሩ ዜሮን የሚቆርጥበትን ቦታ አንብቡ፤ በዚያ መጠን ውሃ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ስለሚተላለፍ ክብደቱ አይለወጥም። ለትኩስ ድንች ይህ ቦታ ብዙ ጊዜ 1 በመቶ ጨው አካባቢ ይወድቃል። ያረጀና የጠወለገ ድንች ከዚህ ወደ ቀኝ ይገፋዋል፤ ውሃ ስላጣ 1 በመቶ ውስጥም ይጠጣል። ይህ ስህተት አይደለም፣ ግን ቀድማችሁ ካላወቃችሁ ያደናግራል።

ተማሪዎች «ጨው ወደ ድንቹ ገብቶ አቀለለው» ብለው ሲጽፉ አርሙ። የተንቀሳቀሰው ውሃ ነው። «ንጹህ ውሃ ውስጥ ውሃ መውጣት ያቆማል» የሚለውም ልክ አይደለም፤ ይገባልም ይወጣልም፣ ሚዛኑ የሚያነበው የሁለቱን ልዩነት ነው።

## ቁጥሩ እምቢ ሲል

ሀ ቀለለ። ወይ ዘንጎቹ ቀድመው ውሃ ውስጥ ተቀምጠው ነበር፣ ወይ መነሻው ሳይደርቅ ተመዝኗል፣ ወይ ሀ እና ሠ ተቀያይረዋል። በእጅ ፈትሹ፤ የሀ ዘንግ ልፍስፍስ ካለ ኩባያው ተቀያይሯል።

ሁሉም ከበዱ፣ ሠ ጭምር። የጨው ውሃው ቀጥኗል ወይም ስኳር ነው፤ ወይም መድረሻው ሳይደርቅ ተመዝኗል።

ለውጡ በሁሉም ከ2 በመቶ በታች ነው። ዘንጉ ወፍራም ነው ወይም ጊዜው አጥሯል። 1 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ ውስጠኛው ክፍል በ30 ደቂቃ ገና አልተነካም። ለሊቱን አሳድሩ።

አንድ ነጥብ ብቻ ከመስመሩ ወጣ። አትሰርዙት፣ አታስተካክሉትም። ልጣጭ የቀረበት፣ የተሰበረ ወይም ኩባያው ጫፍ ላይ ደርቆ የቀረ ዘንግ ይኖር እንደሆነ አይታችሁ ጻፉት።

የተቀቀለው ፈረሰ። ከ3 ደቂቃ በላይ ፈልቷል። ፍርስራሹን አትመዝኑ፤ አዲስ አዘጋጁ።

## ማይክሮስኮፕ ካላችሁ፦ በቀይ ሽንኩርት

ድንች ህዋሱን ለዓይን አያሳይም፤ ቀይ ሽንኩርት ያሳያል።

1. ከሽንኩርቱ አንድ ወፍራም ቅርፊት አንሱ። ቀለሙ ያለው በውጭኛው፣ ወደ ውጭ በጎበጠው ጎን ነው። ብዙዎች የውስጡን ልጥ ይልጡና ቀለም የሌለው ህዋስ ሲያዩ ይቀራሉ።
2. በምላጭ 5 ሚሊሜትር በ5 የሆነ ካሬ ጫር አድርጋችሁ ባለቀለሙን ስስ ልጥ በወረንጦ ላጡት።
3. ስላይድ ላይ ጠብታ ውሃ አድርጉ፣ ልጡን ዘርጉበት፣ መሸፈኛ መስታወቱን በአንድ ጎኑ አስነክታችሁ ቀስ ብላችሁ አስተኙ። ክብ ጥቁር ጠርዝ ያለው ነገር ካያችሁ የአየር አረፋ ነው፤ እንደገና አንሱት።
4. በትንሹ ማጉያ ፈልጉ፤ ወይን ጠጅ ቀለሙ ህዋሱን ግድግዳው ድረስ ሞልቶት ይታያል።
5. በአንዱ ጠርዝ 5 በመቶ የጨው ውሃ ጠብ አድርጉ፤ በሌላው ጠርዝ ሶፍት አስነክታችሁ ውሃውን ሳቡ።
6. ከ2 እስከ 5 ደቂቃ እያያችሁ ጠብቁ። ቀለሙ ከግድግዳው እየለቀቀ ወደ መሃል ይሰበሰባል፤ ግድግዳው ግን ባለበት ይቆማል።
7. አሁን በዚያው መንገድ ንጹህ ውሃ አስገቡ፤ ቀለሙ ተመልሶ ይሞላል።

ካልተመለሰ ህዋሱ ሞቷል፤ ጨው ውስጥ ብዙ ቆይቷል ወይም ጨው በዝቶበታል። አዲስ ልጥ ወስዳችሁ በ2 በመቶ ሞክሩ። የሚታየው ለውጥ ባይኖር ልጡ በደንብ ስስ አለመሆኑን ወይም ጨው ከመስታወቱ ሥር አለመግባቱን ፈትሹ።

የእንስሳ ህዋስ ላሳይ ብላችሁ ክፍል ውስጥ የሰው ደም አትንኩ፤ በደም የሚተላለፍ በሽታ አለ።

ስትጨርሱ የሚዛኑን ሳህን በእርጥብ ሶፍት ጠርጉ፣ ከዚያ አድርቁ፤ ጨው ብረቱን ይበላዋል። የጨው ውሃውን ወደ መታጠቢያው አፍስሱ እንጂ የትምህርት ቤቱ አትክልት ላይ አትድፉ። ድንቹ ብዙ እጅ ስለነካው አይበላም።